ቀዩን ገጽ አትፍሩ

ኅዳር 3 ቀን 2018፣ መሐል ሜዳ

በስመ ሥላሴ። ባለቤቴ ዓለሚቱ ካረፈች ወዲህ ለራሴ ብዬ ብዕር ይዤ አላውቅም። ዛሬ ያስያዘኝ ሐሳብ ነው።

ጠዋት ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ጽናት ጠርታኝ የአዲስ አበባ ረጂዎቻችን የላኩትን አነበበችልኝ። ሁለቱም የኢሜይል ሰርቨሮቻችን እስከ ገና ድረስ ደህና የሆነ የደኅንነት ሰርተፊኬት ካልያዙ መልእክታችንን አይቀበሉም። ሁለት ናቸው። አንደኛው የውስጥ ነው፤ መሐል ሜዳ፣ ዘመሮና ሞላሌ ያለን የማኅበሩ ሰዎች ብቻ የምንገባበት። ሁለተኛው የውጪ ነው፤ ከሌላው ዓለም ጋር የምንጻጻፍበት። ማኅበራችን ያለ ዕድሜያቸው ሊዳሩ ሲሉ የሚሸሹ ልጃገረዶችን ያስጠጋል። የትኛዋ ልጅ የት እንዳለች የሚጻፈው በውስጡ ነው።

የሚሆነውን እርስዎ ይምረጡ ጋሼ፣ አለችኝ።

እኔ ምን አውቃለሁ? ሬዲዮ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ዘግይቼ ሙያ ትምህርት ቤት ገብቼ የኮምፒውተር ጥገና ተማርኩ፤ ሰርቨር ግን እዚያ በሥዕል ነው ያየሁት። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። እሺ አልኩ።


ኅዳር 6

የረጂዎቹ የኮምፒውተር ባለሙያ ፍቅረ ሥላሴ በስልክ አስረዳኝ። ትሑት ልጅ ነው፤ ግን ይፈጥናል። የገባኝን ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ።

ሰርተፊኬት ማለት ዋስ ነው። ስልካችን ሰርቨሩን ሲያንኳኳ ሰርቨሩ እኔ የማኅበሩ ነኝ ይላል። ስልኩ ደግሞ ማን ዋስ አለህ ይለዋል። ለውጪው ሰርቨር ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ዋስ ያስፈልጋል። ተገዝቶ ዓመት የሚያገለግል አለ። በነፃ የሚሰጥ፣ ሦስት ወር ቆይቶ ራሱን የሚያድስም አለ። የውስጡን ግን ከእኛ አጥር ውጪ ስሙን የሚያውቀው ስለሌለ፣ ማንም ዋስ አይሆነውም። ለእሱ የራሳችንን ዋስ ሠርተን በያንዳንዱ ሰው ስልክ ላይ በእጅ መጫን ነው። በእጅ ሲል ዘመሮም ሞላሌም ድረስ ሄጄ ማለቱ ነው። ዋሱን ስልኩ ካላወቀው ቀይ ገጽ ያወጣል አለኝ፤ ተጠንቀቅ ማለቱ ነው።

ሲናገር እሺ እሺ እያልኩ ነበር። ግማሹን ከዘጋው በኋላ ነው ያሰብኩት።


ኅዳር 9

እምቢ አለ። ነፃውን ሰርቨሩ ሊቀበል አልቻለም። ደጋግሜ ሞከርኩ። ፍቅረ ሥላሴ እዚያው አዲስ አበባ አውጥቶ ላከልኝ፣ ጫንኩት። ስልኬ ወዲያው ተቀበለው፤ የቢሮው ኮምፒውተሮች ግን በሙሉ ጊዜው ገና ነው እያሉ መለሱት።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን መሪጌታ መርስዔ ኃዘን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ገና ያልተወለደ ዋስ ነው ያመጣህብን? አሉኝ። ቢሮው ሳቀ።

ፍቅረ ሥላሴን ደግሜ ልጠይቅ ስልኩን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ይህ ሰውዬ አሁንም አልገባውም እንዳይል።


ኅዳር 12፣ ቅዱስ ሚካኤል

ከቅዳሴ መልስ ቢሮ ስገባ ወይዘሮ ጽናት አንዲት ልጅ ይዛ ተቀምጣለች። ከጓሳ በኩል ነው የመጣችው። ጠጄ ትባላለች። አባቷን ዳኜን አውቀዋለሁ፤ አንድ ደብር ነው የምናስቀድሰው። የሠርጉ ቀን ተቆርጦ ነበር፤ ሌሊት ነው የወጣችው። እግሯ በውርጭ ተሰነጣጥቋል።

በሩ አጠገብ ነው የተቀመጠችው። መሪጌታ መወርወሪያውን ሲያነሡ ብድግ አለች።

ዓለሚቱም እንዲህ ነበረች። ቤቴ ከገባች በኋላ ሁለት ክረምት ሙሉ መወርወሪያው ሲንኳኳ ብድግ ትል ነበር። ዓይናፋር ናት እያልኩ እስቅባት ነበር። ለሠርጓ የተሰፋላት ቀሚስ በዓመቱ አጠረባትና እናቴ ከታች ቀጠለችላት፤ የገብስ ማሳ ነው እንዴ ያገባኸው ብላ ቀለደችብኝ። ደግ ሚስት ነበረች። ነፍሷን ይማርልኝ። ለምን ዛሬ ይህን እንደማስብ አላውቅም።

ልጅቱን ወደ ሞላሌ ወሰዷት፣ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ዘንድ። ይህን የምናውቀው ወይዘሮ ጽናት፣ እማሆይ፣ እኔና ትሕትና ነን። ትሕትና የዘመሮ ሠራተኛችን ናት፤ ልጅቱን የምትከታተለው እሷ ስለሆነች ቦታው በውስጡ ኢሜይል ተጻፈላት።


ኅዳር 15፣ የነቢያት ጾም መግቢያ

ወሰንኩ። ዋሱን እዚሁ ቢሮ ሰርቨሩ ላይ ራሴ ሠራሁት። ለውስጡም ለውጪውም አንዱ ይሁን፤ የውጪውን ለገና አደርሰዋለሁ። የቢሮው ኮምፒውተሮች ደስ ብሏቸው ተቀበሉት። መሪጌታ እንኳ፣ አሁን ተወለደ አሉ።

የሜዳ ሠራተኞቹ ስልክ ላይ ቀይ ገጽ ይመጣል። በየቦታው ሄጄ መጫን ነበረብኝ። ግን መንገዱ አይታመንም፣ ጉልበቴም አልተሻለውም፤ ገብሱም አልታጨደም። ስለዚህ ለሁሉም ይህን ላክሁ፦

«ቀይ ገጽ ይመጣባችኋል። አትፍሩ፣ የራሳችን ነው። ከታች ቀጥል የሚለውን ንኩት።»

ሁሉም ነኩት። ሠራ። ወይዘሮ ጽናት አመሰገነችኝ። አትፍሩ ብዬ ስጽፍ ራሴን እንደ መልአክ ሳልቆጥረው አልቀረሁም፤ ይቅር ይበለኝ። ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።


ኅዳር 20

ትሕትና ለሪፖርት መጣች። ሳቂታ ናት። ገና ከበሩ፣ ጋሼ፣ የእርስዎ ኢሜይል ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት ነው የሚደርሰኝ አለችኝ። ስልኬ መልእክትዎን አሮጌ ነው እያለ ከሁሉ ታች ይቀብረዋል፣ ቆፍሬ ነው የማወጣዎት። አብረን ሳቅን።

ቤቷ ኢንተርኔት ስለማይደርስ ኢሜይሏን የምትከፍተው በማሙሽ ስልክ ቤት ዋይፋይ ነው። ልጁ ለሁሉም በነፃ ይሰጣል፣ ደግ ነው አለች። እዚያ ቀዩ ገጽ ደጋግሞ ይመጣባታል። ነካሽው? አልኳት። ነካሁት አለች። ጎበዝ አልኳት።


ኅዳር 25

ወፍጮ ቤት። ሁለት ሴቶች ከፊቴ ተራ ይዘዋል። አንደኛዋ፣ የዳኜ ልጅ እኮ ሞላሌ አንዲት መነኩሲት ቤት ናት አለች። ማን አገኛት? ማሙሽ። እሱ ደግሞ ምን አገባው? የሙሽራው የአጎት ልጅ አይደል። ታዲያ እንዴት አወቀ? በስልክ ያለፈ ሁሉ በእጁ ነው አሉ፣ ምኑ ይጠፋዋል።

እህሌን ትቼ ወጣሁ።


ዕለቱን፣ ማታ

እኔ ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴም እንኳ አልተናገርኩም። ጽናት አትናገርም። እማሆይ ለማን ይናገራሉ?

ለትሕትና ደወልኩላት። ማሙሽ ቤት የመጣብሽ ቀይ ገጽ ምን የሚል ስም ነበረበት? የእኛ ስም አልነበረበትም መሰለኝ ጋሼ፣ ሌላ ነው፣ አላስተዋልኩትም፣ አትፍሩ ስላሉን ነካሁት፣ ከዚያ የይለፍ ቃሌን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት አለች። ምነው? አለችኝ። ምንም፣ አልኳት። ሁለተኛ እዚያ ቤት እንዳትገቢ ብቻ አልኳት።

ስለዚህ ከእኛ ሰርቨር ጋር አልነበረም የተነጋገረችው። መሐል የቆመ ሰው የራሱን ሐሰተኛ ዋስ አቁሞ ነበር። ስልኳም ይህን አላውቀውም ብሎ ጮኾላት ነበር። ዝም አሰኚው ያልኳት እኔ ነኝ።

ነገ ጠዋት ለወይዘሮ ጽናት እነግራታለሁ። መጀመሪያ እሱን ነው የማደርገው።


ኅዳር 26

እንግዶች ነበሩባት።


ኅዳር 27

አልነገርኳትም። በሯ ድረስ ሄጄ ነበር።

ለፍቅረ ሥላሴ ደወልኩ። ቢያንስ ምኑ እንደተበላሸ ልወቅ ብዬ። ሁሉን ሰምቶ፣ ጋሼ፣ ሰርቨሩ ላይ ያለው ቀን ስንት ይላል? አለኝ። ቀኑማ የዛሬው ነው፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት አልኩት። በፈረንጆቹ ነው እንዴ በእኛ? አለኝ።

በእኛ ነው። መሪጌታ በደብዳቤ ላይ የፈረንጅ ቀን ማየት አይወዱም፤ የቢሮውን ኮምፒውተር ሁሉ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ያስሞላሁት እኔው ነኝ፣ ሦስት ዓመት ሆነው። በየወሩ መባቻ ራሳቸው እየዞሩ ያስተካክሉታል። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለካ ሰርቨራችን ከዓለም ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው የሚኖረው። ደህናው ዋስ ለእሱ ገና ያልተወለደ ነው። እኔ የሠራሁት ደግሞ ለሠራተኞቹ ስልክ ከሞተ ዓመታት የሆነው ነው። ስልኮቹ እውነት ነበር የተናገሩት። ኅዳር ዘጠኝ ያንን ስልክ መልሼ ባላስቀምጠው ኖሮ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር።

ፍቅረ ሥላሴ ሲጨርስ፣ ሰዎቻችሁ ግን ቀዩን ገጽ እንዴት አድርገው አለፉት? አለኝ።

አላውቅም አልኩት።

በጾም።


ኅዳር 28፣ ሌሊት

ዛሬ ወደ ማታ መሪጌታ በወሬ መሐል፣ ዳኜ ሁለት በቅሎ ተውሷል፣ ነገ ሞላሌ ገበያ ይወርዳል አሉ። ለገበያ በቅሎ ምን ያደርግለታል? ብለው ሳቁ።

ከዚያ እግሬ ራሱ ሄደ። ወይዘሮ ጽናትን ከነቤተሰቧ ራት ላይ አገኘኋት። ተቀመጡ አለችኝ፤ ቆሜ ነገርኳት። ሰዓቱንም፣ ቀዩንም፣ አትፍሩ ያልኩትንም። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«መቼ አወቁ?»

«ወፍጮ ቤት የሄድኩ ዕለት።»

«እኮ መቼ?»

ነገርኳት። ፊቷን አዞረች። ስልክ ብትሞክር የሞላሌ መስመር የለም። ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፤ ሹፌሩን ቀስቅሳ በዚህ ጨለማ ሄደች። እሄዳለሁ ብላት፣ እርስዎ ይቅሩ አለችኝ።

ቁጭ ብያለሁ። ዳዊት ከፍቻለሁ፤ ዓይኔ መስመሩን አይዝም። መንገድ ላይ ቢይዟቸውስ? በቅሎዎቹ ሌሊቱን ተነሥተው ቢሆንስ? ልጅቱ መወርወሪያው ሲንኳኳ ምን ትላለች?


ኅዳር 29

ወጥታለች። እግዚአብሔር ይመስገን። እማሆይ ከማለዳ ጸሎት በሚመለሱት ሴቶች መሐል ተከናንባ እንድታልፍ አደረጓት። መኪናው ከከተማው ውጪ ነበር የጠበቃት።

ሰዎቹ ባዶ ቤት ነው ያገኙት። እማሆይ በር ላይ ቆመው አላስገባም አሉ። ገፈተሯቸው። እጃቸው ተሰብሯል።


ታኅሣሥ 4

የሁሉንም ሰዓት አስተካከልኩ። መሪጌታ ተቆጡ፤ የአባቶቻችንን ዘመን ከቢሮ አወጣኸው አሉ። ደብዳቤው ላይ የእኛን ቀን በእጃችን እንጽፈዋለን፣ ሰርቨሩ ግን ከዓለም ጋር ይቁጠር አልኳቸው። ትንሽ አጉረመረሙና፣ እንግዲህ እጅ ጽሑፌ ያምራል አሉ።

ሰዓቱ ከተስተካከለ ምርጫው ከባድ አልነበረም። ለውጪው ራሱን የሚያድሰው፣ ዓለም የሚያውቀው ነፃ ዋስ። በመጀመሪያው ሙከራ ተቀበለ። ለውስጡ የራሳችን ዋስ፣ እንደ አዲስ የተሠራ፣ በእያንዳንዱ ስልክ በእጅ የሚጫን። የይለፍ ቃሎቹም ሁሉ ተለወጡ። ያንን የቀድሞ መልእክቴን ሻርኩ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ቀይ ገጽ ከመጣ አትንኩ፣ ዝጉትና ደውሉልኝ፤ ከእንግዲህ የራሳችን ቀይ የለም።

ወይዘሮ ጽናት አነበበችው። ደህና ነው አለች። ስለ እኔ ከገና በኋላ እንነጋገራለን አለች። ልጅቱ አሁን ያለችበትን ግን አልሸሸገችኝም።


ታኅሣሥ 9፣ ሞላሌ

በእግሬም በመኪናም እየዞርኩ ነው። ዛሬ እማሆይ ዘንድ ደረስኩ። እጃቸው በነጭ ጨርቅ ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ተነሣ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው አሉኝ። በግራ እጃቸው ስልካቸውን ሰጡኝና ሥራህን ሥራ አሉ።

ስጭን ያዩኛል። ይህ የምትጭነው ዋስ ማን ነው? አሉ። እኛው ነን እማሆይ፣ ለራሳችን አልኳቸው። እንኪያስ ፈራሁ አሉና ሳቁ። ሲስቁ እጃቸውን አሟቸው፤ አየሁ።

ይቅር ብያለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኩም መሰለኝ። ወደቅኩ እንጂ።


ታኅሣሥ 19፣ ቅዱስ ገብርኤል

ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሲበተን ዳኜ ከቅጥሩ በር ላይ ጠበቀኝ። ከስቷል። ብቻውን ነው። ይጣላኛል ብዬ ነበር። በርኖሴን ያዘኝ እንጂ አልተጣላኝም።

«ኪዳነ ወልድ፣ አንተ ታውቃለህ። በገብርኤል ይዤሃለሁ፣ ልጄ የት ናት?»

ሰው ቆመ። በገብርኤል ተይዞ፣ በዕለቱ፣ በደጁ፣ እምቢ ያለ ሰው አላውቅም። እኔ ራሴ በቅዱስ ስም ተለምኜ ከልክዬ አላውቅም፤ ዓለሚቱ በዚህ ትናደድብኝ ነበር። አላውቅም ማለት እችል ነበር። ግን ያ ውሸት ነው፤ ያቺን ቃል ለፍቅረ ሥላሴ ብያት እስካሁን አልወጣችልኝም።

«አውቃለሁ» አልኩት። «አልነግርህም።»

«በገብርኤል ይዤህ?»

«በገብርኤል ይዘኸኝም።»

አንዲት ሴት አማተበች። ዳኜ በርኖሴን ለቀቀ። እናቷ እህል አትቀምስም፣ ታውቃለህ? አለኝ። ይህን ቀስ ብሎ ነው ያለው። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሰው እንዲሰማ፦

«አንተስ ማን ሆነህ ነው የምትፈርድብኝ? ዓለሚቱ ቤትህ ስትገባ ስንት ዓመቷ ነበር?»

ሰው ሁሉ እኔን አየኝ። ጊዜ አልነበረኝም፣ መሄድ ነበረብኝ። ሄድኩ።


ታኅሣሥ 20

ገብርኤል ሆይ አትያዝብኝ።

ያኔ ዘመኑ ሌላ ነበር። ማንም አይጠይቅም ነበር። እሷም አልተናገረች። ምን ብላ ትናገር?

ዳኜ ክፉ ሰው አይደለም። ይህ ነው የከበደኝ።


ታኅሣሥ 22

ወፍጮ ቤት እንደገባሁ ወሬው ቆመ። የንስሐ አባቴ ስለ ገብርኤሉ ነገር ሰምተዋል። ልክ ነህም አላሉኝ፣ አጠፋህም አላሉኝ። ስግደት ጨምር አሉ። ከዚያ ሌላ የምትነግረኝ አለ? አሉኝ። የለም አልኳቸው።


ታኅሣሥ 26

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ገብስ ስወቃ ውዬ አውድማው ላይ ሳለሁ ትሕትና መጣች። ከዘመሮ ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግሯ ነው የመጣችው። ፊቷ አቧራ ለብሷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። አደጋ ደርሶ ነው ብዬ መንሹን ጣልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ወይዘሮ ጽናት ጠጄ አሁን ያለችበትን በውስጡ ኢሜይል ጻፈችላት፤ የልጅቱን የትምህርት ማስረጃ እንድታደርስ። ትሕትና ማሙሽ ቤት ከመሄድ ከተወች ቆይታለች። ጠዋት ግን ቤቷ ተቀምጣ ሳለች ከዚህ በፊት ያልነበረ ዋይፋይ ስልኳ ላይ ወጣ። ስሙ የማኅበራችን ስም ነው። ቢሮው አስገባልን ብላ ደስ ብሏት ገባች። ኢሜይሏን ልትከፍት ስትል ቀዩ ገጽ መጣ።

ልትደውልልኝ ብትሞክር መስመር የለም። ስልኩን አጥፍታ ነጠላዋ ውስጥ ጠቅልላ መንገድ ጀመረች።

«አልነካሁትም ጋሼ» አለችኝ። ስልኩን በሁለት እጇ ነው የያዘችው፣ እንደሚፈስ ነገር።

«ፈራሽ?»

«በጣም ፈራሁ።»

«ጎበዝ» አልኳት። መንሹን አንሥቼ ክምሩ ላይ አስደገፍኩት።

ስልኳን ወስጄ አየሁት። ያ ዋይፋይ የእኛ አይደለም። ስማችንን ሰቅሎ ደጇ ላይ የተቀመጠ ሰው አለ ማለት ነው። አሁንም እየፈለጓት ነው። ከገና በኋላም ይፈልጓታል።

አዲሱ ዋስ ገና ሳይጫን ቀርቶ ይሆን ብዬ ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ፤ ተጭኗል። ሥራውን ሠርቷል። ከዚያ ውኃ ሰጠኋትና፣ ይህን ያህል ደክመሽ መጥተሽ ኢሜይሉን አትጠብቂ፣ ልጅቱ ያለችበትን ወይዘሮ ጽናት ነግራኛለች፣ በቃሌ ልንገርሽ አልኳት።

ጣሳውን ከአፏ አወረደችው።

«አይንገሩኝ» አለች። «ማስረጃውን ሌላ ሰው ያድርስላት። እኔ በገብርኤል ቢይዙኝ እንደ እርስዎ አልችልም።»

አልነገርኳትም። ውኃዋን ጠጥታ እስክትጨርስ አጠገቧ ቆምኩ።